የተሸከመኝ ሰው

ጥቅምት 3

ለምወድሽ ለእቴቴ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? የሰው አጥንት ስትጠግኚ እየዋልሽ የራስሽን ወገብ እንደ ባዕድ እንደምታይው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄም እግሬም በየቦታው አለ፤ አንቺ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ጋራዡ እንዳለ ነው። እኔ የተጨረማመተውን በርና ኮፈን ቀጥቅጬ አቃናለሁ፣ ሳቂታው ከኋላዬ እየመጣ ይቀባል። ባለመኪናው ሲመጣ የሚያደንቀው ሁልጊዜ ቀለሙን ነው። የኔ መዶሻ የት የት እንዳረፈ ማን ያየዋል? ሳቂታው ግን ደግ ነው፤ «ከሥሩ ያለውን ብታዩት ኖሮ!» እያለ ወደኔ ይጠቁማቸዋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳትስቂብኝ። በዚህ ቅዳሜ ጋራዡ ዝግ ነው። እኔና ሳቂታው ዕቃችንን በጀርባችን አዝለን በረሃ ልንገባ ነው። ቅዳሜ እንሄዳለን፣ እዚያው እናድራለን፣ እሁድ እንመለሳለን። አንድ ባለመኪና ትቶት የሄደ ድንኳን አለን። ምርኩዛችንን ራሳችን ሠራነው፤ የውሃ ቧንቧ ቆርጠን፣ ጫፉን በይደን፣ መያዣውን በጎማ ጠቅልለን። ሳቂታው የራሱን ቀይ ቀባው፣ የኔን ደግሞ ቢጫ።

ሚጣስ እንዴት ናት? የጉዞ ወረቀቷ አለቀላት? ሳቂታው የእጮኛውን ፎቶ ከሥራ ልብሱ ኪስ አይለየውም። ቀለም እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎታል። አንድ ክፍል ስለምንጋራ እሷ ስትመጣ እኔ ወደ ጋራዡ ጓሮ እዛወራለሁ። ቶሎ ላኪልን። ከኔ በላይ የሚመሰክርለት ሰው የለም፤ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ አውቀዋለሁ።

ዘበኛችን እንደነገርሽው ጉልበቱን በሞቀ ጨርቅ እያሸ ይኸው ደረጃ መውጣት ጀመረ። እጅ ይነሳሻል።

ያሳደግሽው ድንቡሼ


ጥቅምት 20

ለድንቡሼ፣

ዕድሜ ይስጥህ፤ ልቦናም ይስጥህ። ሁለተኛውን አጥብቄ ነው የምለምነው።

ደብዳቤህን ዓይኔ አሳስቶኝ ይሆን ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ሰው ሳያሳድደው፣ ከብት ሳይጠፋበት፣ ዕቃ አዝሎ በረሃ ይገባል? ለሽርሽር? እኔ የማውቀው ሸክም ሲያወርዱት የሚከፈልበትን ነው። ለሚጣ ባነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማ፣ እዚያ እንዲህ ነው» ትለኛለች፤ ደርሳ የተመለሰች ነው የምትመስለው።

እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ትናንት አንድ ወዛደር ትከሻው ወልቆ ጓደኞቹ እየጎተቱ አመጡልኝ። እንደ በሬ ነው የሚያገሳው። ሚጣ ደረቱን ተጭና ያዘችልኝ፣ እኔ ተረከዜን ብብቱ ውስጥ ተክዬ ሳብኩት፣ ጯ ብሎ ገባ። ሲወራጭ በክርኑ አገጯን መትቷት ደም ተፍታለች፤ እጇን ግን አላላችም። ይች ልጅ ከኔ በልጣለች እኮ። ጣቷን አሳርፋ ብቻ የት እንደተሰበረ፣ እንዴት እንደተሰበረ ትነግርሃለች። እሷ ስትሄድ ማን ሊይዝልኝ ነው? 

ባለፈው የጠየቅሁህን ደግሞ ዘለልከው። ይስቃል አልከኝ፤ እሺ ይሳቅ። ያልሳቀ ዕለትስ? ደስ ሲለው ማንም ሰው ደግ ነው። ሲርበው፣ ሲጠማው፣ ነገር ሲበላሽበት ምን ይሆናል? እሱን ጻፍልኝ። እኔ ሰውዬውን አላየሁትም። ልጄን የምሰጠው ላንተ ቃል ነው።

የሚለጠጠውን ፋሻ እንዳትረሳ። እዚህ ያለው አንዴ ታጥቦ ይላላል።

አክስትህ


ኅዳር 12

ለእቴቴ፣

በእጅ ጽሑፉ አትደንግጪ። እኔ እየተናገርኩ የሚጽፈው ሳቂታው ነው። ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ ነው።

በረሃ ሄደን ከድንጋይ ላይ ወደቅኩ። ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ከላዩ ሆኜ አገሩን ልይ ብዬ ወጣሁ፣ አዳለጠኝና ተንከባለልኩ። ክንዴ ተሰበረ፣ ጎድኔም ተጎዳ፣ ከጥርሴም የረገፈ አለ። አሁን ደህና ነኝ። ሆስፒታል አልጋ ይዤ ነበር፣ ወጥቻለሁ።

ሳቂታው ባይኖር ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። አዝሎ ነው ያወጣኝ። ድንኳኑንም ሻንጣውንም ጥሎ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከሸለቆው እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በጀርባው። መንገዱን ሙሉ ያለቅስ ነበር። ይሄንን አልጽፍም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ጻፈው አልኩት። አሁንም የሚያጎርሰኝ እሱ ነው፣ የሚያጥበኝ እሱ ነው፣ ፖስታ ቤት የሚመላለስልኝ እሱ ነው።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ አልረሳሁም። ሲጠማው ምን ይሆናል ብለሻል። ደህና ነው። ጥሩ ሰው ነው።

ስለ ሚጣ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ጉዞዋ ትንሽ ቢዘገይስ? ክፍሉ ገና ቀለም አልተቀባም። ጣሪያውም ያፈሳል።

ድንቡሼ

ይድረስ ለእናቴ፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ። ስለ ጣሪያው የሚለውን አይስሙት፣ መድኃኒቱ እያስቀባጠረው ነው። ጣሪያው አያፈስም። ክፍሉንም ቀብቼ ጨርሻለሁ፣ ሰማያዊ ነው። ትምጣልን። አይዞዎት፣ ልጅዎን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው።


ኅዳር 25

ለድንቡሼና ለጸሐፊው፣

እኔን ይስበረኝ! እኔን! ስንቱን ስጠግን ኖሬ ያንተን አጥንት የሰው እጅ ነካው? ሚጣ ማልቀሷን አላቆመችም። ፈጣሪ ጨርሶ ይማርህ፤ የቀረውን ጥርስህን ያቆይልህ።

አንተም ጸሐፊው፣ ስለ ድካምህ ተባረክ። ጀርባህ ይጽና።

ሚጣ አትዘገይም። ወረቀቷ ቀኑ ተቆርጦበታል፤ ካለፈ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የቀለም ቀቢ ክፍል ሳይቀባ ቀረ ብላችሁ አታስቁኝ።

አሁን ከሩቅም ቢሆን ልርዳችሁ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የምጠይቃችሁን ሳትዘሉ መልሱልኝ። አጥንት እንደ አሰባበሩ ነው የሚታሸው። ክንዱ የተሰበረው የት ላይ ነው፤ አንጓው ላይ፣ ክርኑ ላይ፣ ወይስ መሃል? በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ነው ወይስ በትንሿ ጣት በኩል ያለው? መዳፉ ተልጧል? ጉልበቱስ? ጎድኑ የተጎዳው በደረቱ በኩል ነው ወይስ በጀርባው? ጥርሱስ በየትኛው በኩል ነው የረገፈው? ጀሶው ሲነሳ ክንዱ ቀጥ ማለቱን አይታችሁ ጻፉልኝ።

ይሄን ብቻ። ሌላ ነገር አልጠይቅም።

አክስትህ

ፋሻውን እንኳ አሁን ላንተው ይሁን።


ታኅሣሥ 11

ለእቴቴ፣

አሁንም የሚጽፍልኝ ሳቂታው ነው። ጀሶው ተነስቷል፤ ብዕር ስይዝ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል።

በየተራ ልመልስልሽ። ክንዴ የተሰበረው መሃል ላይ ነው፣ በአንጓና በክርን መካከል። በትንሿ ጣት በኩል ያለችው አጥንት ናት፤ ሌላዋን ምንም አልነካትም። መዳፌ ደህና ነው። ጉልበቴም ጭረት የለውም። ጎድኔ በጀርባዬ በኩል ነው፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ። ጥርሴ የረገፈው በግራ በኩል ነው። ክንዴ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጎበጥ ብሎ ነው የገጠመው። መዶሻ አንስቼ ሳሳርፍ ከፈለግሁት ቦታ ውጭ ያርፋል።

ሳቂታው «አክስትህ እንደ መርማሪ ናት» ይላል። እየሳቀ ነው የሚጽፈው።

ሚጣ ትዘግይ ያልኩትን ተይው። ትምጣ። ክፍሉ አምሯል።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 24

ድንቡሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ይሄን ደብዳቤ በዘበኛው ስም ነው የላክሁት፤ የጉልበቱን ነገር ሰበብ አድርጌ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ማን መታህ ብዬ አልጠይቅህም። እዚያ በረሃ የነበራችሁት ሁለት ናችሁ። ከድንጋይ የወደቀ ሰው መሬቱን በመዳፉ ነው የሚቀበለው። መዳፉ ይላጣል፣ አንጓው ይሰበራል፣ ጉልበቱ ይገሸለጣል። ያንተ መዳፍ ደህና፣ ጉልበትህ ደህና፣ ክንድህ መሃሉ ላይ በውጭ በኩል። እንዲህ የሚሰበር ሰው ክንዱን ከራሱ በላይ አንስቶ «በቃ! በቃ!» ያለ ሰው ነው። ጀርባህ ላይ ያለው ደግሞ ከወደቅህ በኋላ የመጣ ነው። ወድቀህም አልተወህም። ይሄን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ እየሳቀ።

ተሸክሞ አወጣኝ አልከኝ። ይሄኔ ነው ደሜ ቀጥ ያለው። ስማኝማ። እኔ ደጅ ስንት ሴት በባሏ ጀርባ ታዝላ መጥታለች! አንዷን ሞቼም አልረሳትም። ባሏ እየሮጠ አዝሏት መጣ። ላቡና እንባው ተቀላቅሎ ይወርዳል። «እናቴ ድረሽልኝ፣ ከደረጃ ወድቃብኝ ነው» ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ያለ ባል ነው እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ክንዷ ልክ እንዳንተ ነበር። አቃናሁላት። ከረመና ደግሞ አዝሏት መጣ፤ አሁን መንጋጋዋን። እሱንም ሠራሁላት። ከዚያ በኋላ ያየኋት በቃሬዛ ስታልፍ ነው፤ ወደኔ አልነበረም የሚወስዷት። ያን ዕለትም ሲያለቅስ አራት ሰው ነበር የያዘው። ውሸቱን እንዳይመስልህ! ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሰብሮ የሚሸሽን ሰው ታውቀዋለህ፣ በርህን ትዘጋበታለህ። ሰብሮ የሚሸከመውን ግን ተሸካሚህን እያመሰገንክ ትኖራለህ።

ሚጣ ሰኞ ሄደች። መልስህ የደረሰኝ ረቡዕ ነው።

ስልክ ቤት ሮጥኩ። እየሮጥኩ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ መንገድ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ጋራዡ ጋ ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነው። ድምፄን ሲሰማ «እናቴ! እንግዳችን ተነሳች አይደል?» አለኝ እየሳቀ። ዘጋሁት። ተመልሼ ይሄን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። 

ድንበር ላይ ማኅተም እስኪመታላት ብዙ ትቆያለች ብለውኛል። ይሄ በአየር ነው የሚመጣው፣ ይቀድማታል ብዬ ነው ተስፋዬ። ብትፈራ አልፈርድብህም፤ የተሰበረው ያንተ ክንድ ነው። ግን «ከኔ በላይ የሚመሰክርለት የለም» ብለህ ጽፈህልኛል። እንግዲህ መስክር። ልጄ በዚያ በር ስትገባ አፍህንም ጀሶ ውስጥ ከከተትከው፣ ከዚያ ወዲያ አክስት የለህም። አልጽፍልህም፣ አልረግምህም፣ ስምህን አላነሳም።

ይሄን ደብዳቤ በስሜ አልዘጋውም። እንዳደረግኸው አይቼ እዘጋዋለሁ።


ጥር 6

ለእቴቴ፣

ይሄ የራሴ እጅ ነው። መስመሩ ጠማማ ነው፣ ታገሽኝ። ሚጣ ደህና ናት። መጀመሪያ እሱን ልበልሽ። እዚህ አጠገቤ ተኝታለች፣ ዘበኛው ቤት። አንጓዋ ላይ የጣት ምልክት አለ፣ ሌላ ምንም አልነካትም።

እውነቱን አሁን ልንገርሽ። ቅዳሜ ለት ደስ ይል ነበር። አሸዋው ላይ ተንከባለልን፣ ዘፈንን፣ ስለ ሚጣ አወራን። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ከጋራዡ ቧንቧ። እኛ ጋ የመጠጥ ውሃውም የቀለም ማቅጠኛው ቲነርም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው የሚቀመጠው። ቲነሩ አንገቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይታሰርለታል፣ በሱ ነው የምንለየው። ስቀዳ አንድ ሞልቶ የቆመ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ፕላስተር የለውም፤ ጎሽ ብዬ ከውሃው ጋር ከተትኩት። ለካ ፕላስተሩ ወልቆ ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ገና ክዳኑን ሲከፍት በጠረኑ ያውቀው ነበር። የኛ አፍንጫ ግን ከሞተ ቆይቷል። ሽንኩርትና ሳሙና አንለይም።

እሁድ ቀትር ላይ የቀረን ያ ጠርሙስና አንድ ሌላ ነበር። ሳቂታው ጠምቶት አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ በትልቁ ተጎነጨው። ከዚያ ተፋው። ዓይኑ ወጣ፣ ከንፈሩ እንደ ተላጠ ሆነ፣ ተደፍቶ አስመለሰ። አፉን ላጥብለት ብዬ ሌላውን ጠርሙስ ይዤ ሮጥኩ። ከእጄ መትቶ ጣለው። ያለን ውሃ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ቀና ብሎ አየኝ። የማላውቀው ሰው ነበር ያየኝ እቴቴ።

ቀዩን ቧንቧ አነሳ። መጀመሪያ አፌን ነው ያለኝ። ጥርሴ ሲወድቅ አየሁት፣ እንደ ጠጠር። ሁለተኛው ወደ ራሴ ሲመጣ ክንዴን አነሳሁ። ድምፁን ሰማሁት፤ ቋ የሚል ደረቅ ድምፅ። ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። በፊቴ ተደፋሁ፣ አሸዋ አፌ ገባ፣ እሱ ደግሞ ጀርባዬን በቧንቧውም በጫማውም ይለኛል። «በቃ፣ በቃ» እላለሁ፤ ልክ አንቺ እንዳልሽው። እሱ ደግሞ በየምቱ መሃል «ምን አደረግኩህ? ምን አደረግኩህ?» ይላል። እኔን እኮ ነው የሚጠይቀው! ስንቴ እንደመታኝ አላውቅም። መተንፈስ አቅቶኝ ዝም ስል ነው የቆመው።

ወዲያው ቧንቧውን ጥሎ ተንበረከከ። ፊቴን በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ስሜን ይጠራል፣ እንደ ሕፃን ያባብለኛል። አዘለኝ። አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ጎድኔ በቢላ የሚወጋኝ ያህል ነው። እሱም ውሃ የለውም፣ አፉ ተቃጥሏል፣ ግን አላወረደኝም። ጀርባው ላይ ሆኜ ምን አሰብኩ መሰለሽ? «እንዴት ያለ ጓደኛ አለኝ» ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው። ቲነሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ቢመታኝ ይገባኛል ብዬ፣ ይሄው እስካሁን። ሲያጎርሰኝ ማንኪያውን የያዘበትን እጅ እያየሁ እውጣለሁ። ሚጣ ትዘግይ ያልኩሽ ዕለት ደብዳቤውን ጽፎ ሲጨርስ ጀሶዬን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ጣሪያው ያፈሳል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ትምጣ አልኩ። ፈራሁ እቴቴ። እንደ ውሻ ፈራሁ።

ትናንት ጠዋት ዘበኛው ደብዳቤሽን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። መኪና ሥር ተኝቼ አነበብኩት። አንብቤ ሳልጨርስ የሚጣን ድምፅ ሰማሁ። ማኅተሙ ቶሎ ተመትቶላት ነው፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ደረሰች። ሳቂታው ሮጦ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ።

ልናገር ብዬ ከመኪናው ሥር ወጣሁ።  መጀመሪያ እኔን አቀፈችኝ። «ድንቡሼ፣ የት ሄደ ያ ሁሉ ሥጋ?» ብላ ሳቀች። እያወራች ክንዴን ያዘች። ለሚያያት ሰላም የምትለኝ ነው የሚመስለው፤ ጣቷ ግን አጥንቴ ላይ ይሄዳል። ጉብታው ላይ ሲደርስ ቆመ። መዳፌን ገልብጣ አየችው። ከዚያ እጇን በሸሚዜ ላይ ወደ ጀርባዬ አሳለፈችና ጎድኔን ዳበሰችው። መሳቋን አቆመች። ወደ ሳቂታው ዞረች።

«በምን መታኸው?» አለችው።

ሳቀ። «ወድቆ ነው እኮ ሚጣዬ! ጽፈንላችሁ የለ?»

«በምን መታኸው አልኩህ።»

«በቧንቧ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት እቴቴ፣ በዚህ ድዴ። «በቀዩ ቧንቧ። በረሃው ላይ። በቃ እያልኩት።»

ፊቱ እየሳቀ ቡጢው መጣ። ተወርውሬ ሳቃናው የሰነበትኩት ኮፈን ላይ ወደቅኩ፣ ኮፈኑም ጎደጎደ። አፌ ደም ሞላ። ሚጣ ቦርሳዋን አንስታ ወደኔ ስትመጣ አንጓዋን ያዛት። «ወዴት ነው?» አላት።

«ልቀቀኝ።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተሽ? እኔ ክፍል ቀብቼ፣ ይሄን ሁሉ ወር ጠብቄ...»

አጠበቀ። እጇ ሲነጣ ይታየኛል። ያኔ በሌላ እጇ አውራ ጣቱን ጨበጠችና ያንቺን አያያዝ ገልብጣ ሠራችው። ጯ! ጣቱ ወደማይሆን ቦታ ዞሮ ቀረ። ጩኸቱን ሰምቶ ሠፈሩ ወጣ። ጣቱን አቅፎ መሬት ላይ የፈሰሰው ቀለም ላይ ተንበረከከ፣ ነጭ ሸሚዙ ተበላሸ፣ እንባው ይወርዳል። እሷን እያየ ምን አላት መሰለሽ? «ምን አደረግኩሽ? ምን አደረግኩሽ?»

ያንን ቃል ስሰማ አበድኩ። መዶሻዬን በግራ እጄ አንስቼ ከራሱ በላይ ያዝኩት። ጎንበስ ብሎ ማጅራቱ ይታየኛል። ላወርደው ነበር፤ አልዋሽሽም። ሚጣ ክርኔን ያዘችና «እዚያ የተሰበረ አይጠገንም፣ ተው» አለችኝ። ዘበኛው መዶሻውን ከእጄ ወሰደው። 

ከዚያ ወጣን። ወደኋላችን «ኧረ ጣቴን መልሺልኝ!» እያለ ሲለምን ይሰማል። ሚጣ ዞር አላለችም።

እንግዲህ እቴቴ፣ መሰከርኩ። ዘግይቼ ነው፣ እሷም ቀድማ ያወቀችውን ነው። አክስት አለኝ ወይስ የለኝም?

ድንቡሼ


ጥር 21

ለልጆቼ፣ ለሁለታችሁም፣

መንገዱ ይቅናችሁ፤ ክፉ ዓይን አይያችሁ፤ የያዛችሁ እጅ ይልቀቃችሁ!

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ እጄ ላይ ነበር። ፖስታውን ሳይ ሳብኩትና ገባ፤ ሰውዬው ለመጮህ እንኳ አልደረሰም። ክፈለኝ ሳልል በሩን አሳየሁትና ተቀምጬ አነበብኩ።

ሚጣ፣ አንቺን ተቆጥቻለሁ። በኛ ቤት የወለቀ ሳይገባለት የሚሸኝ ሰው የለም፣ ጠላትም ቢሆን። እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ? ይሄን ብዬ ከተቆጣሁ በኋላ በሩን ዘግቼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አገጭሽን ከመስተዋት ላይ ሳሚልኝ።

ድንቡሼ፣ ስለ ቲነሩ ደግመህ እንዳትጽፍልኝ። ጠርሙስ ተሳስተሃል። ጠርሙስ የተሳሳተ ሰው ይሰደባል። ከፈለገ ዓመት ሙሉ ይሰደባል። በቧንቧ አይመታም። ይሄ በጭንቅላትህ ካልገባ እኔ አስገባዋለሁ፣ ማስገባት ሥራዬ ነው።

አሁን ስለ ክንድህ። ሚጣ ከደብዳቤህ ጀርባ ላይ የጉብታውን መልክ ሥላ ልካልኛለች። አይቼዋለሁ። እንዲህ ሆኖ አይቀርም፤ መዶሻ የሚይዝ እጅ ነው፣ እንጀራህ ነው። ጎብጦ የገጠመ አጥንት የሚቃናው ደግሞ በገጠመበት ቦታ እንደገና ሲሰበር ነው። ያማል። ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ አልዋሽህም።

ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም። ጓዛችሁን ያዙና ሁለታችሁም ኑ። ፋሻውን አምጣ፤ ይሄው ለራስህ ተረፈ። ሚጣ ደረትህን ትይዛለች፣ እኔ እሰብርሃለሁ። በቃ ስትለኝ እሰማሃለሁ፣ ትንፋሽ እስክትወስድ እቆማለሁ፣ ከዚያ እጨርሰዋለሁ። እኔ ስሰብርህ አላለቅስም። የምታለቅሰው አንተ ነህ፤ የፈለግኸውን ያህል አልቅስ።

አክስትህ